የቱቦው አንገት

ጠጋኙ የኋላ በሩ ከተከፈተው አሮጌ የጌም ማሽን ሥር ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ የማሽኑም የስክሪን ቱቦ ደቅቋል።

«ፈንድቶበት ነው!» አለ ባለ ጌም ቤቱ ለመርማሪዋ። «ጓዳ ሆኜ ሰማሁት፤ እንደ ቦምብ ነው የጮኸው። ቱቦው ስንጥቅ ስለጀመረው ዛሬ ተነቅሎ ሊጣል ነበር። ሚስቱ የሆነ ነገር ረስታ ይሆናል።»

ከጠጋኙ ጋር አብራ የምትሠራው ሚስቱ ወንበር ላይ ደርቃ ቀርታለች። «ትናንት ቱቦው ውስጥ አየር አስገብቻለሁ» አለች በሰለለ ድምፅ።

«አሁን ማን ይመንሽ?» አለ የሟቹ ወንድም። «ስንቴ ነው ከዕቃው አርቃት ያልኩት!»

«ዝም በል አንተ!» ጮኸች የሚስትየዋ እናት። «ካቻቢቴ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ ሳታውቅ!»

ሬሳውን ያገኘችው ይህች አሮጊት ነበረች፤ ምሳውን ልታደርስለት መጥታ። ልቧ ግን ልጇ ላይ ነው። ይዘው ቢወስዱብኝስ? ሁለቱን ልጆቿን ምን አደርጋቸዋለሁ?

መርማሪዋ ስብርባሪውን አንድ በአንድ አየች። «የቱቦው አንገት ጫፍ የታለ?»

ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች።

«እማማ፣ እጅዎ ከገባሁ ጀምሮ ከሹራብዎ ኪስ አልወጣም።»

አሮጊቷ አውራ ጣት የምታህል መስታወት አወጣች፤ ጫፏ ተቆርጦ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል። «የልጄን ጽሕፈት አይቼ... ያስይዛታል ብዬ አነሣሁት።»

መርማሪዋ ሁሉንም ማሽኑ ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ይህ ቱቦ የሚፈነዳው ውስጡ አየር ስለሌለ ነው። ጫፉ በፒንሳ ተቆርጦ አየር ከገባበት ግን እንደ ተራ ጠርሙስ ነው፤ ይሰበራል እንጂ እንደ ቦምብ አይጮኽም። ፕላስተሩ ላይ የትናንት ቀን ተጽፏል። ስብርባሪውም አልተበታተነም፤ ወለል ላይ የወደቁት ጥቂቶች ደግሞ ያረፉት ደርቆ በጠቆረ ደም ላይ ነው። መጀመሪያ ሰውየው ተመታ፤ ቆይቶ ቱቦው ተሰበረ። አየር ያስገባችበት ሴት ፈነዳ ለማስባል አትሰብረውም። ታዲያ ያልጮኸውን ቱቦ ማን ሰማው?»

ዓይን ሁሉ ወደ ባለ ጌም ቤቱ ዞረ።

«ባለፈው ይኸው ማሽን አንድ ሕፃን ነዝሮ ጥሎታል» አለች ሚስት ቀስ ብላ። «ከንዝረት የሚከላከለውን የመሬት ሽቦ የቆረጠው ይህ ሰው ነው። ባለቤቴ ዛሬ ለፖሊስ አመለክታለሁ ብሎት ነበር።»

«ቤቴን ሊያዘጋ ነበር!» አለ ባለ ጌም ቤቱ አምልጦት። «ለምኜዋለሁ እኮ!»

ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። አሮጊቷ የልጇን ክንድ አሁንም አጥብቃ እንደያዘች ነው።

«ልጆቹ ከትምህርት ቤት መምጫቸው ደርሷል። ስለ አባታቸው ምን ልበላቸው?» አለች።

«እናታቸው ትነግራቸዋለች» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ብቻ ክንዷን አይልቀቁ።»