በሐረጎ አፋፍ የተሰጠ አማና

ሂሻም የተገኘው ከሐረጎ መታጠፊያ በታች፣ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ወደ ግራ ሲታጠፍ እሱ አልታጠፈም። አሮጌዋ የብረት ሳይክሉ ከእሱ ራቅ ብላ ቋጥኝ ላይ ተሰክታለች።

ኢንስፔክተር ስለሺ ገደሉን በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደና አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከ። የማልያውን ዚፕ ዝቅ ሲያደርግ ደረቱ ላይ የተነጠፈ ጋዜጣ አገኘ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አብሮት የወረደው ሳጅን እንየው።

«ለብርድ ነው። ሐረጎን በጠዋት ስትወርድ ነፋሱ ደረትህን ይሰነጥቀዋል። እኛም እናደርገው ነበር።»

«እርስዎም ሳይክል ይነዱ ነበር?»

«እነዳ ነበር። ዛሬ የምነዳው ሆዴን ነው።»

እንየው ሳቁን ዋጠ። አስከሬኑን በቀስታ ሲያገላብጡት ጀርባው ላይም ጋዜጣ ነበር። ሳይጨማደድ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተዘርግቶ፣ ጫፉ ቁምጣው ውስጥ ገብቷል። ስለሺ አየውና ዚፑን መልሶ ዘጋ።

አስፋልቱ ላይ የሂሻም የሳይክል ክለብ አሰልጣኝ ሞላልኝ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሟል። ስለሺን በልጅነቱ ሳይክል ላይ ያወጣው፣ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ ያጠበለት ይኸው ሰው ነው። እንዳየው አንገቱ ላይ ተጠመጠመ።

«ስለሺዬ! ልጄን ቀሙኝ! እኔ ታች ኮምቦልቻ ሰዓት ይዤ አሁን መጣ አሁን መጣ እያልኩ…»

«አይዞዎት፣ ጋሼ።»

«ሁለቱም ፍሬን እንዴት በአንዴ ይከዳዋል? እንዴት?»

ስለሺ ጀርባውን እየደባበሰ አጽናናው። እሱም አልቅሷል።

ሳይክሏ ተጎትታ ስትወጣ የፊት ፍሬኗ ሽቦ ከማሰሪያው ወጥቶ ተንጠልጥሎ ነበር። የኋላው በቦታው አለ። ሽቦዎቹን በዋዜማው የቀየረው የክለቡ መካኒክ ጀላል ነው። በዚያ ላይ ጀላል በዚያው ጠዋት ወደ ቢስቲማ ሄዷል። ሲመለስ መናኸሪያ ላይ ተያዘ። ማዘዣው ላይ የፈረመው ስለሺ ራሱ ነው።

የሂሻም እናት ወይዘሮ ዘይቱና ጣቢያው በር ላይ ጠብቀው ጀላልን ሲያስገቡት አዩት። የሂሻም አብሮ አደግ ነው። በልጅነቱ ከልጃቸው ጋር በአንድ ሰሃን በልቶ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተኝቷል።

«ጀላል! ወላሂ ያጎረሰህ እጄ ይፍረድብህ!» አሉት።

ልጁ ቀና ብሎ አላያቸውም።

አዛዡ ስለሺን አስጠርተው «በግዴለሽነት ሰው መግደል ነው። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሌላ የምታውቀው ነገር ካለ ዛሬ አምጣ» አሉት።

ስለሺ ወደ እስር ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ግቢ ውስጥ የተቀመጠችውን ሳይክል ሸራ ገልጦ የኋላውን ፍሬን ጨበጠ። ለስለስ ሲያደርገው ያዘ። ጠበቅ ሲያደርገው ሽቦው ሸርተት አለና እጀታው መሪው ላይ ተለጠፈ። ብሎኑ በግማሽ ላልቷል። ሸራውን መለሰና ለማንም አልተናገረም።

ጀላል አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ግድግዳውን ይመለከታል።

«ለምን ቢስቲማ ሄድክ?»

«እናቴ ታማ ነው። የሄድኩትም በዳምጤ ባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ነው። የሚሸሽ ሰው ማታውኑ ይመለሳል እንዴ?»

«ከሂሻም ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

ጀላል ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «በካርቦኑ? እሱማ ክለቡ በሙሉ ተጣልቷል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሂሻም ባለፈው ውድድር አንደኛ ስለወጣ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው አዋጥቶ አዲስ ሳይክል ሊገዛለት ተነሣ። የተዋጣው ገንዘብ መካከለኛ ነው፤ ለምርጡ አይበቃም፣ ለተራው ይተርፋል። ጀላል ጥሩ ማርሽና ጥሩ ቸርኬ ያለው የአልሙኒየም ሳይክል ይሁን አለ። ካርቦን ቀላል ነው፤ ደሴ ላይ ቢሰነጠቅ ግን የሚጠግነው የለማ። አንዳንዱ ያገለገለ ግን ውድ የነበረ ካርቦን ይሻላል አለ። ሂሻም ደግሞ አካሉ፣ ፍሬሙ፣ አዲስ ካርቦን፣ ማርሹ መካከለኛ፣ ቸርኬው ተራ ይሁን ብሎ ድርቅ አለ።

«‹ማርሽ ነገ ይቀየራል፣ ቸርኬ ነገ ይቀየራል፤ ፍሬም ግን አንዴ ነው› አለኝ። እኔም ‹አንተ ሳይክል ነው የምትገዛው ሚስት ነው የምታገባው?› አልኩት። እሱ አሸነፈ። ጋሼ ሞላልኝም ደገፈው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተለካ። ጋሼ ሞላልኝ ሰው ሁሉ ፊት ጫማውን አስወልቆ፣ ደብተር እግሩ መሐል አስገብቶ ከመሬት እስከ ብሽሽቱ ለካው። ሰው በሳቅ አለቀ። ፍሬም እንደ ሱሪ ነው፤ ልክህ ካልሆነ የዓለም ምርጡም አይጠቅምህም። ሂሻም ቀውላላ ነው፣ ሃምሳ ስምንት ቁጥር ወጣለት። ሊመጣ ተቃርቦ ነበር።» ድምፁ ተሰበረ። «ኢንስፔክተር፣ ብሎኑን አጥብቄዋለሁ። ወላሂ አጥብቄዋለሁ።»

ባለባጃጁ ዳምጤ ፒያሳ ላይ ደንበኛ ሲጠብቅ ተገኘ። ሳይጠየቅ ነው የጀመረው።

«ጀላልን የጫንኩት እኔ ነኝ! ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከክለቡ በር። ሂሻም ፊት ፊታችን ያንን ቁልቁለት ይወርዳል። ታች ስንደርስ አንድ አህያ ብቅ አይልም? ልጁ ቀጥ! አድርጎ ቆመ። እኔ ነኝ ልገጨው የደረስኩት። ዞሮ ‹ዳምጤ፣ ፍሬን ከፈለግክ ጀላል ይሠራልሃል› ብሎ ሰደበኝ። ጀላል ከኋላዬ እንዴት እንደሳቀ!»

«ከዚያ ጀላል ከባጃጁ ወረደ?»

«የት ይወርዳል? አውቶቡሱ ላይ ያሳፈርኩት እኔ!»

ስለሺ የባጃጁን ጣሪያ በመዳፉ መታ አደረገና ወደ ሐረጎ ሄደ።

አፋፉ ላይ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ትንሽ መስጊድ አለች። ኢማሙ ሼህ ሰይድ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሼሃችን።»

«ወአለይኩም ሰላም። ስለ ልጁ ነው አይደል? ሱብሂን፣ የንጋቱን ሶላት፣ ከእኛ ጋር ነው የሰገደው። ሁልጊዜም ሳይወርድ ይሰግዳል።»

«ሳይክሉን የት አስቀመጠ?»

«በር ላይ ለሆነ ሰው ሰጠ። ጉም ነበር፣ ፊቱን አላየሁም። ድምፁን ነው የሰማሁት። ‹አማና፣ አደራህን› አለ፣ ከዚያ ገባ።»

«ሰውየው አብሮ አልሰገደም?»

«አልገባም። ልጁ ሲወጣ ግን ሲሳሳቁ ሰምቻለሁ።» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አማናን የበላ ሰው ምን ይለዋል ለጌታው?»

ስለሺ ወደ አፋፉ ጫፍ ተመለከተ። ሱብሂ ሰግዶ የወጣ፣ የሚስቅ፣ ጀርባውን ለሌላ ሰው እጅ የሰጠ ወጣት ታየው። ደረቱ ላይ ጋዜጣ ማንም ለራሱ ያነጥፋል። ጀርባውን ግን ራሱ አያደላድለውም። እሱም በልጅነቱ እዚሁ አፋፍ ላይ ቆሞ ማልያውን ከኋላ ከፍ ያደርግ ነበር፤ አንድ ሰፊ መዳፍም ጋዜጣውን ያለሰልስለት ነበር። የማን መዳፍ እንደነበር ማሰብ አልፈለገም። ኮምቦልቻ እስኪደርስ ድረስ ስለ ሌላ ነገር ለማሰብ ሞከረ።

አዲሱን ሳይክል ከዱባይ ያስመጣችው የኮምቦልቻ ነጋዴ ፊርደውስ ናት። ካርቶኑ ሱቋ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ገና አልተከፈተም።

«ትናንት ገባ። ሊደርስለት ሲል…» አለችና ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። «ከዚህ ቤት ይውጣልኝ፣ ማየት አልቻልኩም።»

ስለሺ ካርቶኑን ዞሮ አየው። ጎኑ ላይ ቁጥር ተለጥፏል፤ ሃምሳ ሁለት ይላል።

«ቁጥሩን ማን ነገረሽ?»

«ጋሼ ሞላልኝ ናቸው። በስልክ። እኔ ስለ ሳይክል ምን አውቃለሁ? እንዲያውም ‹ደግመው ይንገሩኝ፣ ኋላ ተሳሳትሽ እንዳልባል› ብያቸው ደግመው ነው የነገሩኝ።»

ሱቁ ፊት ወንድምአገኘሁ ሳይክሉን ተደግፎ ቆሟል። የሞላልኝ የእህት ልጅ ነው፤ አጭር፣ ጠንካራ፣ ውድድር ላይ ሁልጊዜ ከሂሻም ኋላ ሁለተኛ።

«እኔ ነኝ ብለህ ነው የመጣኸው» አለ ገና ስለሺ ሳይናገር። «ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያየኝ። አዎ፣ ወር ሙሉ አልተነጋገርንም። አዎ፣ ካርቦኑን ፈልጌው ነበር። ያን ዕለት ግን ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ እዚሁ ነበርኩ።»

«እውነቱን ነው» አለች ፊርደውስ። «ገና ሳይነጋ ሱቅ ስከፍት እዚህ ቆሞ ይራገም ነበር።»

«ማንን ነበር የምትራገመው?»

«ጋሼን ነዋ። በጠዋት ልምምድ አለ ብሎ ቀጥሮን ቀረ። የመጣው ፀሐይ ከወጣ በኋላ በሚኒባስ ነው።»

ስለሺ ቃሉን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። «አመሰግናለሁ» ብሎ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በስለሺ ጥሪ ክለቡ ቤት ተሰበሰቡ፤ ወይዘሮ ዘይቱና ጥቁር ነጠላ ለብሰው፣ ሞላልኝ አጠገባቸው እጃቸውን ይዞ፣ ፊርደውስ፣ ወንድምአገኘሁ፣ ዳምጤ፣ ሼህ ሰይድ። እንየው በሩ ላይ ቆመ። ካርቶኑ ተከፍቶ ሳይክሉ ተገጣጥሟል። ጥቁር ነው፣ በአንድ ጣት የሚነሣ።

«ጀላል ነገ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው» ብሎ ጀመረ ስለሺ። «መጀመሪያ እሱን እናንሣ። ሂሻም ከዚህ በር ወጥቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ አህያ ገብታበት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ዳምጤ አይቷል። ስለዚህ ፍሬኑ ከዚህ ሲወጣ ጤነኛ ነበር። ጀላል ደግሞ ዳምጤ ባጃጅ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወደ ቢስቲማ ሄደ። ፍሬኑ የተፈታው ሐረጎ አፋፍ ላይ ነው።»

«ማነው የፈታው?» አሉ ወይዘሮ ዘይቱና።

«እደርስበታለሁ፣ እናቴ። ሂሻም ሊሰግድ ሲገባ ሳይክሉን አማና ብሎ ለአንድ ሰው ሰጠ። ሰውየው ብሎኖቹን በግማሽ አላላቸው። ለቀስታ ጭብጥ ይይዛሉ፣ በኃይል ሲጨበጡ ያመልጣሉ። ልጁ ሲወጣ ያው ሰው ጀርባው ላይ ጋዜጣ አነጠፈለት፣ እንዳይበርደው። ሂሻም ጀርባውን ለማን ይሰጣል? ለወንድምአገኘሁ? ወር ሙሉ ሰላም አላሉም። እሱ ደግሞ ፊርደውስ ሱቅ ፊት ነበር።»

ሞላልኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ስለሺዬ፣ እኔም እዚያው ኮምቦልቻ…»

«እርስዎ የመጡት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው፣ ጋሼ። ገደሉ አጠገብ ደግሞ ‹ሁለቱም ፍሬን› አሉኝ። ያን ጊዜ ሳይክሉ ገና አልወጣም ነበር። ከወጣ በኋላም ሰው ያየው የፊቱን ብቻ ነው። የኋላውም መላላቱን እኔ ራሴ ያወቅኩት ጣቢያ ገብቼ ስጨብጠው ነው።»

«የደነገጠ ሰው ምን የማይለው አለ?»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።» ስለሺ ወደ ሳይክሉ ዞረ። «ወንድምአገኘሁ፣ እስቲ ውጣበት።»

«እኔ? የሱን ሳይክል?»

«ውጣ ግድ የለም።»

ወጣቱ እያመነታ ወጣ። እንየው ከኋላ ደገፈው። እግሩ ፔዳሉ ላይ፣ እጁ መሪው ላይ፣ ወገቡ ኮርቻው ላይ፤ ምንም የሚስተካከል ነገር አልነበረም።

«ሃምሳ ሁለት ቁጥር ነው» አለ ስለሺ። «እዚህ፣ ሁላችሁም ፊት፣ ሂሻም ሲለካ የወጣው ሃምሳ ስምንት ነው። ዱባይ የታዘዘው ሃምሳ ሁለት። ፊርደውስ አስደግማ ሰምታዋለች። ጋሼ፣ አንድ አሰልጣኝ ይህን አይሳሳትም። ይህ ሳይክል ሲታዘዝ ጀምሮ የሂሻም አልነበረም። ካርቶኑ ሳይከፈት ደግሞ ሂሻም ከመንገዱ ዞር ማለት ነበረበት።»

ሞላልኝ እጁን ከወይዘሮ ዘይቱና እጅ ላይ አነሣ። ማንም አላናገረውም፣ እሱ ግን መናገር ጀመረ።

«ለብሔራዊ ቡድን የሚፈልጉት አንድ ልጅ ነው። አንድ! እህቴ ስትሞት ይህን ልጅ አስረክባኛለች። ሰው ሁሉ ሂሻም፣ ሂሻም… እግሩ ይሰበራል ብዬ ነው። በአላህም በማርያምም፣ ለአንድ ክረምት ቢተኛ ብዬ ነው። በዚያ መታጠፊያ ላይ እንዲህ ይፈጥናል ብዬ አላሰብኩም…»

«ያስተማርከው አንተ ነህ» አለ ወንድምአገኘሁ። «እዚያ ጋ ፍሬን አትያዙ፣ ልቀቁት ያልከን አንተ ነህ።» ከሳይክሉ ወርዶ ከአጎቱ ራቅ ብሎ ቆመ። «እኔ መቼ አዘዝኩህ? ሁለተኛ መሆኔን መቼ ጠላሁ?»

ወይዘሮ ዘይቱና ከመቀመጫቸው አልተነሡም። «ለልጄ ጋዜጣ ስታነጥፍለት፣ ጀርባውን ስትዳብሰው፣ እጅህ እንዴት እሺ አለህ?» አሉ ቀስ ብለው።

ስለሺ ካቴናውን አወጣ። ለእንየው ሊሰጠው ብሎ ተወውና ራሱ አሰረው። ሞላልኝ «ስለሺዬ» አለው፤ እሱ «አቶ ሞላልኝ፣ እንሂድ» አለ።

ወይዘሮ ዘይቱና ጣቢያ ድረስ ካልሄድኩ አሉ። ጀላል ተፈትቶ ሲወጣ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«አውፍ በለኝ፣ ልጄ። እኔም ከድቼሃለሁ። ከእጄ የበላህን ልጅ ሳልጠይቅ ረገምኩህ።»

ጀላል ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ስለሺን ግን አላየውም።

«ማነው?» አለ ጀላል።

ሴትዮዋ ስሙን መጥራት አቃታቸው። የነገረው ስለሺ ነው። ጀላል ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«አይሆንም» አለ። «ትናንት ማታ እራት ያመጣልኝ እኮ እሱ ነው። አጠገቤ ቁጭ ብሎ፣ ‹ብላ እንጂ› እያለ፣ አንዷን ጉርሻ በገዛ እጁ ነው ያጎረሰኝ።»