ውርጭ የመታው ድንች

የመምህርት ጥሩሸዋ አስከሬን ከውሃ ማቆሪያው ጉድጓድ ሲወጣ ኢንስፔክተር ጽናት መጀመሪያ ያየችው ጥፍሮቿን ነበር። በአሥሩም ጭቃ ገብቶባቸዋል።

ቦታው በመሐል ሜዳ ከተማ ዳር፣ የቀን ሠራተኛ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ጓሮ ነው። ጥሩሸዋ ከተማሪዎቿ ጋር ድንጋዩን ለቅማ የማስተማሪያ አትክልት ቦታ ካደረገችው አራት ዓመቷ ነው። ሳይንስ የምታስተምረው እዚያው ነበር፤ ቁርስ ሳይቀምሱ የሚመጡትንም ከዚያው ድንች ቀቅላ ታበላቸዋለች።

ርእሰ መምህሩ አቶ በዕውቀቱ ቀረበ።

«ዛሬ ማለዳ ከቢሮዬ መስኮት አይቻታለሁ፤ ገለባውን ከድንቹ ላይ ስታነሣ። ማታ ለውርጭ ታለብሰዋለች፣ ጠዋት ትገልጠዋለች። አዳልጧት ነው።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት እሑድ አይደል? ከቤቴ አልወጣሁም።»

ጽናት ከመደቡ አንድ የድንች ቅጠል ቀጠፈች። ጠቁሮ በጣቶቿ መካከል ተልፈሰፈሰ። ገለባው አጥሩ ሥር ተከምሯል።

የጥበቃው የጋሽ ገብረየሱስ በጎች ጎመኗን በልተውባት መጣላታቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም» አሉ ሽማግሌው። «ግን ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ለወንድሜ ተዝካር ዘመሮ ሄጄ እዚያው አደርኩ። ቄሱን ይጠይቁ።»

«የአትክልቱ በር ቁልፍስ?»

«ያለው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። እሷ ውስጥ ስለነበረች፣ ስትጨርስ እንዲቆልፍ ለአቶ በዕውቀቱ ቤቱ ድረስ ወስጄ ሰጠሁት።»

ሦስተኛዋ ተጠያቂ የአንድ ተማሪ እናት፣ አማከለች ነበረች። ዓይኗ ደርቋል።

«ትናንት በአሥራ አንድ ሰዓት አትክልቱን ውሃ ላጠጣላት መጣሁ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። መምህርቷን ‹ይህ የልጆቹ ነው› ስትል ሰማኋት። ስብሰባ መስሎኝ ተመለስኩ። ርእሰ መምህሩ ጓሮውን ለሱቅ መሥሪያ ሊሰጡት ነበር፤ ዛሬ ወላጆችን ሰብስባ ልትቃወም ነበር።»

ጽናት ጉድጓዱ ውስጥ ወርዳ ግድግዳውን አየች። ስትወጣ ሦስቱንም ድንቹ መደብ ዳር አቆመቻቸው።

«ገለባ ለብሶ ያደረ ድንች ውርጭ አይመታውም። ይህ ግን በሙሉ ተቃጥሏል። ስለዚህ ትናንት ማታ ማንም አላለበሰውም። በአራት ዓመት አንድ ቀን ያላስታጎለች ሴት ትናንት ያላለበሰችው፣ ሳይመሽ ጉድጓዱ ውስጥ ስለገባች ነው። ያልለበሰ ድንች ደግሞ ጠዋት አይገለጥም። አቶ በዕውቀቱ፣ አየሁ ያሉትን አላዩም።»

«ምናልባት ተሳስቼ...»

«ጋሽ ገብረየሱስ ዘመሮ ነበሩ፤ ቄሱን በስልክ ጠይቄያለሁ። አማከለች ቁልፍ የላትም። በአሥራ አንድ ሰዓት በሩ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። የቆለፈው ቁልፉ በእጁ ያለ ሰው ነው።»

በዕውቀቱ ኪሱን ዳሰሰ። «አልገፋኋትም። ክንዷን ስይዛት ወደ ኋላ ሄዳ ጉድጓዱ ውስጥ ወደቀች። ወዲያው የሞተች መስሎኝ...»

«የጉድጓዱ ግድግዳ እጅ እስከሚደርስበት ድረስ ተቧጥጧል። ጭቃው ጥፍሯ ውስጥ ነው። ለመውጣት ታግላለች፣ ተጣርታለች። እየሰማህ ነው ቆልፈህ የወጣኸው?»

ከዚያች ቅጽበት በኋላ «እርስዎ» አላለችውም።

«ሰው ያወጣታል ብዬ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ቁልፉ በኪስህ እያለ?»

ጋሽ ገብረየሱስ ፊታቸውን አዞሩ። ጽናት ካቴናውን አስገባችለት። ተማሪዎቹ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈው ነበር።

«በቢሮው ጀርባ እንውጣ፤ ልጆቹ እንዳያዩኝ» ሲል ለመናት።

«ፊት ለፊት ሂድ» አለችው፤ በሰልፉ መካከል ነዳችው። ርእሰ መምህሩ ሲያልፍ ልጆቹ እንደለመዱት አንገታቸውን ደፉ።

«ቀና በሉ» አለቻቸው አማከለች ከኋላ።

አንድ በአንድ ቀና አሉ።