ሦስተኛዋ ደብ

ጂን ታየኝ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚሉ ሰዎችን እንኳን ላምን ቁጭ ብዬ ሰምቼ አላውቅም፣ ከሚሴ እያለሁ ጎረቤቶቼ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምሩ ሥራ ፈቶች ብዬ የምነሳ ሰው ነበርኩ፣ ሪያድ የገጠመኝን ግን በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት፣ እመኑኝ፣ ከዚያ ወዲህ በማንም አልስቅም።

በሠራተኝነት የምኖርበት ቤት ነሲም የሚባል ሰፈር ነው። የማዳሜ አባት፣ ባባ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ከበረሃ ሁለት ደብ ይዘው መጡ። ደብ ማለት ጅራቷ እሾሃም የሆነ፣ ክንድ የምታህል እንሽላሊት ናት፣ እዚህ ይበሏታል፣ ይሁን፣ ሰው እንደ አገሩ ነው። ግቢ ውስጥ አሸዋ የሞላበት አሮጌ ገንዳ ውስጥ አስቀመጧቸው። ሁለቱም ሴት ናቸው፣ ወንድ የሚባል አጠገባቸው የለም፣ አንደኛዋ ግን ከርማ ከርማ እንቁላል ጣለች። ገርሞኝ ብጠይቃቸው ባባ ሳቁ፣ ይቺ ብልህ ናት፣ የወንዱን ዘር ሆዷ ውስጥ አቆይታ ደህና ቦታ ስታገኝ ነው የምትወልደው፣ ጓደኛዋም ጉድጓዷን ትጠብቅላታለች አሉኝ። ቀናሁባት። በእንሽላሊት መቅናት ደርሶባችሁ ያውቃል?

እኔ ልጄን ሶፊያን ከወለድኩ በኋላ ነው ደህና ቦታ ፍለጋ የወጣሁት። ስታለቅስ እንዳላያት ተኝታ ሳለች ትቻት ወጣሁ፣ ጠረኔን እያሸተተች እንድትተኛም ቢጫ ሻሼን፣ ጠርዙን በራሴ እጅ በቀይ ክር የጠለፍኩትን፣ ከጎኗ አኖርኩላት። የምታሳድግልኝ እህቴ ዘይነብ ናት። ናፍቆቷ እህል አላስቀምስ ብሎኛል። የዚያን ቀን ደግሞ ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ፣ ማታ መልስሽን እፈልጋለሁ ብላኛለች።

ምሳ ተበልቶ፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ፣ ቀትር ላይ ነው። ከገንዳው በኩል መቧጨር ሰማሁ። ከዚያ ጠፍ ጠፍ፣ ጠፍ ጠፍ፣ በትንሽ መዳፍ የሚመታ ነገር፣ ወላሂ ሶፊያ ጠዋት ጠዋት ጉንጬን እየመታች የምትቀሰቅሰኝ ዓይነት። ወጣሁ። ሁለቱ ደቦች ጉድጓዱ አፍ ላይ ተኝተዋል፣ ሦስተኛ ደብ ደግሞ የገንዳው ጠርዝ ላይ ቆማ ታየኛለች። በአፏ የያዘችውን እግሬ ላይ ጣለችው፣ ቢጫ ጨርቅ ነው፣ ጠርዙ በቀይ ክር የተጠለፈ።

ጨርቁን አንስቼ ዘይነብ ጋ ደወልኩ። ሶፊያ ጠዋት ሻሹን በመቀስ ቆርጣው እንደተቆጣቻት ነገረችኝና ልጄን አገናኘችኝ።

«እማ፣ ደረሰልሽ?» አለችኝ። «ቁራጩን ግንቡ ላይ ላለችው እንሽላሊት ሰጠኋት። እሷም እናት ናት፣ መንገዱን ታውቃለች። ግን እስካሁን አልተመለሰችም፣ ልጆቿ እየጠበቋት ነው።»

ማታ ማዳምን «ኸላስ፣ በቃኝ፣ ልጄ ጋ ልሂድ» አልኳት። ፊቷን አጠቆረችብኝ፣ ግን እሺ አለች። እንግዳዋን ደብ ልለቃት ፈልጌም ነበር፣ ሦስቱን ትክ ብዬ ባይ ባይ መለየት አቃተኝ።

ዐርብ እንግዶች መጡና እኔ ፎቅ ሳጸዳ ባባ አንዷን አርደው ቆዩኝ፣ ድስቱን የጣድኩት እኔ ነኝ። በኋላ ገንዳው ጋ ቆመው ራሳቸውን እያከኩ «ሁለት አምጥቼ አንድ አረድኩ፣ እንዴት ሁለት ይቀራል?» አሉኝ። የትኛዋን እንዳረዱ እሳቸውም አያውቁ፣ እኔም አላውቅ።

አሁን የመውጫ ወረቀቴን እየጠበቅኩ ነው። ቁራጯን ጨርቅ ትራሴ ሥር አድርጌ እተኛለሁ፣ ልጄን ልጄን ትሸታለች። ሶፊያ በደወልኩ ቁጥር «እንሽላሊቷ ተነሳች?» ትለኛለች፣ «አብረን ነው የምንመጣው» እላታለሁ፣ ከዚያ ስልኩን ዘግቼ ወደ ገንዳው ዞር ስል ሁለቱም እኔን ያያሉ።