ጀርባውን የሰጠ የባሕር ዳርቻ

የሞተን ሰው ዐይን በጣቱ ከድኖ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ከዚያ አለት ላይ ለሸርጣን ጥሎት የሚሄድ ምን ዓይነት ገዳይ ነው?

ረቡዕ ማለዳ የአምፔንሲ ከተማ የጠየቀችው ይህን አልነበረም። ከተማዋ «ጆጆን ያዙት?» ብላ ብቻ ጠየቀች። የዐይኑ ነገር የከነከናት ኢንስፔክተር አራባ አምፒያን ብቻ ነው።

ሟቹ ክዋሜና ቢኒ የስልሳ ሦስት ዓመት ሠዓሊ ነበር። ፓስቴል የሚሉትን የቀለም ጠመኔ በቆርቆሮ ሣጥን ይዞ ሠላሳ ዓመት ከአገር አገር ዞሯል፤ የሎሜን፣ የዳካርን፣ የሉዋንዳን የባሕር ዳርቻ ሥሏል። የተወለደበትን ዳርቻ ግን አንድ ቀንም አልሣለም። «የእኔን መጨረሻ ላይ» ይል ነበር። ከዓመት በፊት ተመልሶ ከአለቱ በላይ ባለው የወላጆቹ ቤት ገባ። አስከሬኑ የተገኘው ከዚያው ቤት ሰገነት ሥር ነው።

«ማዳም፣ ያለቀለት ጉዳይ ነው እኮ» አለ ሰርጀንት ፊፊ። «ወንድሙ ጆጆ ቤቱ ይሸጥ ይላል፤ ሟቹ አይሸጥም ይላል። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ጆጆ መጥቶ ሲጮህ ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል። የአጥማጆቹ አለቃ ናና አርሂን ደግሞ ከዚያ ትንሽ ቀደም ብለው ሟቹን ሰገነቱ ላይ ሲሥል አይተውታል። ገፈተረው፣ ወደቀ፣ አለቀ።»

«ሐኪሙ ሳንባው የባሕር ውሃ ሞልቷል ነው የሚለው።»

«ማዕበል ደርሶበት ይሆናላ።»

አራባ አለቱን አየች። ማዕበል የሚነካው ድንጋይ አረንጓዴ ነው፤ ሰውየው የተኛበት ከዚያ በላይ፣ ነጭና ደረቅ ነበር።

«ማዕበሉ እዚህ ድረስ ወጥቶ፣ ዐይኑን ከድኖለት ተመለሰ?»

ፊፊ አንገቱን አከከ።

በሟቹ ክፍል ውስጥ ሥዕሎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የጠመኔው ብናኝ እንዳይረግፍ እያንዳንዱ በስስ ወረቀት ተሸፍኗል። ማቆሚያው ላይ ያለው አንዱ ብቻ ራቁቱን ነው። አራባ ጠርዙን ነካችው፤ ጣቷ ሰማያዊ ሆነ። ወረቀቱ ላይ እዚህም እዚያም ጠብታ ደርቆ ነጭ ጨው ትቷል።

ሥዕሉ አምፔንሲ ራሷ ነበረች። ታንኳዎቹ በሙሉ አሸዋው ላይ ወጥተዋል፣ መረቦቹ ተሰጥተዋል፣ ከላይ ይሄው ሰገነት እንደ ክብሪት ቀፎ አንሶ ይታያል። ሰዎቹ ጥቃቅን ናቸው፤ አንዷ ቀይ ሻሽ አስራለች። አራባን አንድ ነገር ቀፈፋት፣ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ አልገባትም። ቆይታ አየችው፦ በሥዕሉ ውስጥ አንድም ፊት የለም።

የክዋሜና ስልክ ጠረጴዛው ላይ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ነበር። ጆጆ አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል፤ የመጀመሪያው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። አንዱም አልተነሣም። ስልኩን ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

አስከሬኑን ያገኘችው ማሜ ኤኩዋ የዓሣ ማጨሻ ምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፣ ቀይ ሻሿን አስራ።

«ጭሱን ከቻልሽው ተቀመጪ፣ ልጄ። ገንፎ ይዤለት ስሄድ ነው ያየሁት። ሌላ የምለው የለኝም።»

«ይወድዎት ነበር ይባላል።»

«የሚወደውስ ባሕሩን ነበር። እኔን ያስታውሰኝ ነበር።» እንጨት ገፋ አደረገች። «ማክሰኞ ጠዋት ሣጥኑን ይዞ ወንዙ ባሕሩን ወደሚቀላቀልበት አፍ ሲወርድ በዚህ አለፈ። ‹ዛሬ እሥልሻለሁ› አለኝ። ‹ታዲያ ልልበስ› ብለው፣ ‹እንዳለሽ ሁኚ፣ ሻሹን ብቻ እንዳታወልቂ› አለ። ስጠብቀው ቀረ። ሠላሳ ዓመት የለመድኩት ነው።»

«ሲመለስ አላዩትም?»

«በምን ዐይኔ? ረፋዱ እኮ ናና አርሂን ወንዙ አፍ ላይ ለባሕሩ መጠጥ የሚያፈሱበት ሰዓት ነው! የመጀመሪያው ደወል ከተደወለ ሁለተኛው እስኪደወል ማን ወደ ባሕር ያያል?» ገርሟት አየቻት። «ማክሰኞ ተወልደሽ፣ በቀኑ ስም አራባ ተብለሽ፣ ይኼን ረሳሽው? ያ የበረዶ አገር ምን ቢያጠጣሽ ነው?»

አራባ አፈረች። ማክሰኞ ባሕሩ የሚያርፍበት፣ ታንኳ የማይገባበት ቀን መሆኑን አልረሳችም። ደወሉን ግን አሥራ ሁለት ዓመት የውጭ ትምህርት ከአእምሮዋ አውጥቶት ነበር።

«ማታ ጆጆ ሲጮህ ሰምተዋል?»

«‹ውጣ! ለምን ትደበቀኛለህ?› ሲል ነዋ።»

«ክዋሜናስ ምን አለው?»

የኤኩዋ እጅ እንጨቱ ላይ ቆመ። «የሱን ድምፅ... አልሰማሁም።»

ጆጆ የሚኒባስ ሹፌር ነበር፤ ጣቢያው ውስጥ በባዶ እግሩ ተቀምጦ አገኘችው።

«ለምን ደጋግመው ደወሉለት?»

«ቤቱ ይቅር፣ አይሸጥ ልለው!» አለ። «ዐይኑ እየጠፋ እንደሆነ የሰማሁት የዚያን ዕለት ጠዋት ነው። ስድስት ወር ቢያይ ነው አሉኝ። ያንን ሰገነት በምን አንጀቴ እሸጥበታለሁ? ስልክ እንቢ ሲለኝ ሄጄ በሩ ላይ ጮህኩ። አኩርፎኝ መስሎኝ ሰደብኩት፣ ማዳም። የመጨረሻ ቃሌ ስድብ ሆነ።»

ሽማግሌው ናና አርሂን ከታንኳ ጥላ ሥር መረብ ይጠግኑ ነበር። ከክዋሜና ጋር በአንድ አሸዋ ላይ ያደጉ ናቸው።

«ማክሰኞ አመሻሽ ላይ እንዳዩት እርግጠኛ ነዎት፣ ናና?»

«ዐይኔ አልደከመም።»

«ምን ይሥል ነበር?»

«ያንን ማቆሚያው ላይ ያለውን። ከተማችንን። ኤኩዋን ከነሻሿ አልረሳትም።» የመረቡን ክር አጥብቀው ቋጠሩ።

«በቅርብ አይተውታል?»

«ከታች፣ ከአሸዋው ላይ ሆኜ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አራባ ሁሉንም ሰገነቱ ላይ ሰበሰበቻቸው። ጆጆ ካቴና እንዳጠለቀ ቆመ፣ ኤኩዋ በርጩማ ላይ፣ ናና አርሂን በትራቸውን ተደግፈው። ሥዕሉን አውጥታ ባሕሩ ፊት ለፊት አቆመችው።

«ከዚህ ሰገነት ምን ይታያል?» አለች።

«ባሕር» አለ ጆጆ። «ሌላ ምን ይታያል?»

«ሥዕሉ ላይስ?»

«እኛው። ከተማው። ይኼው ሰገነቱም...» ጆጆ ከሥዕሉ ወደ እግሩ ሥር ወዳለው ወለል አየ።

«ሰገነቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ሰገነቱን ከሩቅ አያይም። ይህ ሥዕል የተሣለው ከባሕሩ በኩል፣ ከታንኳ ላይ ነው። ጨዋማው ጠብታ የመጣውም ከዚያ ነው። ታንኳዎቹ ግን በሙሉ አሸዋ ላይ ናቸው። እንዲህ የሚሆኑት መቼ ነው?»

«ማክሰኞ» አለች ኤኩዋ ቀስ ብላ።

«አርባ ሰው ተሥሏል፤ አንድም ፊት የለም። ሁሉም ጀርባውን ሰጥቷል። መቼ?»

ሥዕሉን ሁሉም አይቶታል። ያንን ሰዓት ግን ከባሕሩ በኩል ቆሞ የሚያይ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም።

«በሁለቱ ደወሎች መካከል» አለች አራባ። «ሐኪሙ ሰምጦ ሞተ ብሏል። ከረፋድ ጀምሮ ስልኩን አላነሣም። ማታ የጆጆ ጩኸት እንጂ የሁለት ሰው ጠብ አልተሰማም፤ በሩ ላይ የሚመልስለት ሰው አልነበረማ። አመሻሽ ላይ አየሁት ያሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ከአሸዋው ሆኖ ሰገነት ላይ ያለን ሥዕል ማየት አይቻልም፤ እሳቸው ግን ጥፍር የምታህለዋን ሻሽ ሳይቀር ያውቋታል። በዚያ ሰዓት በወንዙ አፍ መቆም የሚፈቀድለት አንድ ሰው ነው። መጠጥ አፍሳሹ ነው፤ እዚያ የምትታሰረው ትንሿ ታንኳም የእሱ ናት።»

ጆጆ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ናና? እኔ ሁለት ቀን ታስሬ እርስዎ መረብ ይጠግኑ ነበር?»

ናና አርሂን በትራቸውን መሬት ላይ አስተኙት።

«ዐይኑ እየሄደ ነበር» አሉ። «‹ከተማዬን ባሕሩ እንደሚያያት አንድ ጊዜ ልያት› ብሎ ለመነኝ። ሕጉን ጠባቂው እኔ ነኝ፤ ሕጉን አፈረስኩለት። ሣለ። እንደ ሕፃን እየሳቀ ሣለ። ከዚያ ‹ያዝልኝ፣ ፊቱን እንዳትነካው› ብሎ ሰጠኝና ለማየት ተነሥቶ ቆመ። ማዕበል መጣ። ዋና አያውቅም። አንድ እጄ ሥዕሉን እንደያዘ ነበር፤ በሌላው ያዝኩት። እጁ ጠመኔ በጠመኔ ነበር፣ አሟለጨኝ።»

«አርባ ሰው ነበርን!» አለች ኤኩዋ ተነሥታ። «ሁላችንም እንዋኛለን! ለምን አልጮኽክም?»

«ብጮህ ትዞራላችሁ። ብትዞሩ ታዩኛላችሁ። አንዲት ትንፋሽ ታህል አመነታሁ፣ ኤኩዋ። ከዚያ በኋላ የሚጮሁለት ሰው አልነበረም።»

አስከሬኑን ማዕበል ለናና አርሂን መለሰላቸው። እስኪመሽ መረብ ሥር ደበቁት፤ ከዚያ ተሸክመው ቤቱ ሥር አደረሱት፣ ዐይኑንም ከደኑት። ሥዕሉን ሰው እንዲያይለት ብለው ማቆሚያው ላይ አኖሩት። መሸፈን እንዳለበት አያውቁም ነበር።

ኤኩዋ ሥዕሉን ቀርባ አየችው። ጣቷን ወደ ቀይዋ ነጥብ አስጠግታ፣ ሳትነካው መለሰችው።

«እሥልሻለሁ ብሎኝ ነበር» አለች። «ጀርባዬን ሣለው።»

ፊፊ የጆጆን ካቴና ፈታ። ጣቢያ ሲደርሱ ወደ አራባ ጠጋ ብሎ «በምን እንክሰሳቸው?» አላት። አስከሬን በመደበቅ፣ በሐሰት ምስክርነት፤ የተማረችው ሕግ ለእነዚህ አንቀጽ አለው። ለዚያች ትንፋሽ ግን አንቀጽ አላገኘችም።

«ስልክዎን ያስረክቡ፣ ናና።»

«አንድ ነገር ልጻፍ።»

መከልከል ነበረባት። አልከለከለችም። ሽማግሌው በወፍራም ጣታቸው ፊደል በፊደል ለቀም ለቀም አድርገው ጻፉ፣ ላኩትም። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ፖስታ ተንቀጠቀጠ። የክዋሜና ስልክ በወረቀቱ ውስጥ በራ፤ ጽሑፉ በስሱ ወረቀት ዘልቆ ይነበብ ነበር።

«ክዋሜና፣ መጮህ ነበረብኝ።»

ናና አርሂን ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቁልቁል እያዩ ተቀመጡ። የፖስታው ብርሃን ጠፋ።