በሁለት ቀለም የተጻፈው ዝርዝር

ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት የተሰበሰበውን ልጅ ገፋ ገፋ አድርጋ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው የራሷን የእጅ ጽሕፈት ነው። ክው አለች። ባለፈው ሳምንት በሁለት ቀለም፣ በማስመሪያ እያሰመረች የጻፈችው ዝርዝር ነበር፤ «በሦስት ወር ውስጥ ሞዴስ የወሰዱ ሴት ተማሪዎች» ይላል። ከነክፍላቸው፣ ከነቀኑ።

ሞዴሱ የሚቀመጥበትን የልጃገረዶች ክፍል ቁልፍ የምትይዘው እሷ ናት። ጽሕፈቷ ስለሚያምር ሁሉም «ጸሐፊዋ» ይሏታል። ዝርዝሩን ለልጃገረዶች ክበብ ሪፖርት ነው ብሎ ያዘዛት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ነበር። እሱ ደግሞ የክበብ ሥራ ካልታየ አልተሠራም ባይ ነው፤ የእግር ኳሱንም፣ የቤተ መጻሕፍቱንም ዝርዝር እዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል። ክፉ አስቦ አይደለም። ብቻ አላሰበም፤ እሷም አላሰበችም።

ሰው ሲደነግጥ ጆሮው ድፍን ይላል። የእሷ ሲከፈት አንዱ ጎረምሳ ስሞቹን እንደ አቴንዳንስ እየጠራ ነው፤ ጓደኞቹ ድምፃቸውን አቅጥነው «አቤት» እያሉ ይንከተከታሉ። ሦስት ጊዜ የተጠራችው አብሮ አደጓ ሚጢጢ ናት።

ወረቀቱን ቦጭቃ አነሳችው። ሚጢጢን ያገኘቻት ሽንት ቤቱ ጀርባ፣ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ ቆማ ነው። የወር አበባዋ ድንገት መጥቶባታል። በስምንት ሰዓት ደግሞ የሒሳብ ፈተና አለ።

ጸሐፊዋ ይቅርታ ልትላት አፏን ስትከፍት ሚጢጢ ቀደመቻት።

«ያንቺስ ስም የታለ?»

ጸሐፊዋም በየወሩ ከዚያው ክፍል ትወስዳለች፤ ቁልፉ በእጇ ስለሆነ ግን አንድም ቀን ራሷን ጽፋ አታውቅም። እስከዚች ደቂቃ ልብም ብላው አታውቅም።

«ቆይ ላምጣልሽ» አለች።

«በዚያ ሁሉ ልጅ መሃል? ተዪኝ፣ ቤቴ ልሂድ።»

«ፈተናውስ?»

ሚጢጢ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከልጃገረዶቹ ክፍል ሽንት ቤቱ ድረስ ሜዳውን ማቋረጥ ግድ ነው። ሴቶቹ ሁሌም ሞዴሱን ሹራባቸው ውስጥ ወሽቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚያልፉት። ጸሐፊዋ ሮጣ ሄዳ አንድ እሽግ አወጣች። እንደ ልማዷ ልትወሽቀው ሹራቧን ገለጥ አደረገች፤ መልሳ ለቀቀችው። እሽጉን እንደ ደብተር በእጇ ይዛ ወጣች።

ጎረምሳው አያት። «ጸሐፊዋ፣ ደግሞ የማን ነው?»

«የእኔም ነው» አለችው፣ ሳትቆም። በሜዳው መሃል አለፈች።