የመሪጌታ ውቤ አንባቢ

እኔ የማምነው በሚዛን ነው፣ ሚዛኑም የራሴ ሲሆን ነው። ወረታ ገበያ ውስጥ ጨውና ላምባ፣ አቡጀዲና ክር ስሸጥ ስንት ዓመቴ፣ ስለ ዛሩ ስለ ቡዳው፣ በክረምት ከርብ ወንዝ ውስጥ በስም ስለሚጣራው ነገር ያልሰማሁት የለም፤ የሚያወሩልኝ ሰዎች ደግሞ አብዛኞቹ ኑግ ውስጥ አፈር ቀላቅለው ሊሸጡልኝ የሚሞክሩ ናቸውና፣ ወሬያቸውንም እንደ ኑጋቸው ነፍቼ ነው የምቀበለው። "በዓይኔ አየሁ" የሚለኝን ሰው "ስንት ብርሌ ጠጥተህ?" ነው የምለው። ስለዚህ አሁን የምነግርህን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ደህና አድርጌ እስቅበት ነበር፣ አንተም ብትስቅ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

ነገሩ የመጣው በመጽሐፍ ነው። ትምህርቴ ንባብ ቤት ድረስ ነው፣ ዳዊት ሳልጨርስ ወደ ገበያ ሸሸሁ፣ የቀረውን ያስተማረኝ መንገድ ነው፤ የማንበብ አመል ግን አልለቀቀኝም። በጃንሆይ ጊዜ ከጎንደር ባሕር ዳር የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ከአዲስ አበባም ከአስመራም የታተመ ልብ ወለድ እየፈለገ ያመጣልኛል፣ እኔም ቅቤ አስይዤ እሸኘዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ታዲያ የቁሐር ሚካኤሉ መሪጌታ ውቤ ሱቄ ደጃፍ ይመጣሉ፣ መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ይቀመጣሉ፣ ሰላምታው ገና ሳያልቅ "ሰሞኑን ምን አነበብህ?" ይሉኛል። እኔ የዓለሙን እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው የቅዱሳኑን ይነግሩኛል። "የናንተ መጽሐፍ ውሸት ነው፣ የሰነፍ ሥራ ነው" ይሉና፣ ትንሽ ቆይተው ወደ ሌላ ወገን እያዩ "ለመሆኑ ልጅቱን ዳሯት?" ይላሉ። አንዳንዴ ደስ ያለኝን ቦታ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። አነባበቤ ለጉድ ነው፣ ከባድ ቃል ላይ ስደርስ ሁለት ጊዜ እለዋለሁ፣ ገጽ በገለጥሁ ቁጥር "እህ" እላለሁ፤ ይኸን የነገሩኝም እሳቸው ናቸው፣ እኔ በራሴ አላውቀውም ነበር።

በዚያ ዓመት የመሪጌታ ዓይን ነገር መወራት ጀመረ። በቁሐር ሚካኤል ወር በገባ በአሥራ ሁለት ድርሳኑን ለሕዝቡ የሚያነቡት እሳቸው ናቸው፣ ለዚሁ ንባብ ከደብሩ ሁለት ጥማድ መሬት ይዘዋል፣ እሳቸውም መነኩሲት እኅታቸው እማሆይ አመተም የሚቀምሱት ከዚያች መሬት ነው፣ ሌላ ጧሪ የላቸውም። አንድ በዓል ላይ የደብሩ አለቃ አጠገባቸው ቆመው ሳለ፣ መሪጌታ ጧፍ ነጥቦበት የተጣበቀ ሁለት ቅጠል ብራና በአንድ ጊዜ ገለጡ፣ ንባቡ ግን አንዲት ቃል ሳይዘል ቀጥ ብሎ ወረደ። አለቃ ደግሞ ሞኝ አይደሉም።

ሱቄ ድረስ በበቅሎ መጡ። ሰውየው በቃሉ ይደግማል እንጂ አያነብም፣ ዓይኑ ከጠፋ መሬቱ ለሚያነብ ሰው ይሰጣል፣ ሥርዓቱ ይኸው ነው አሉኝ። ግን ያለ ማስረጃ ሽማግሌ ከመሬቱ መንቀል ያስነውራል፣ ስለዚህ በቃሉ ሊያውቀው የማይችለውን፣ ከነዚያ ከምታመጣቸው የዓለም መጽሐፎች አንዱን ስጠው፣ አንብቦ ከነገረህ ያያል ማለት ነው፣ በነሐሴ ሚካኤል መጥተህ ትመሰክራለህ አሉ። እኔ ወዳጃቸው ነኝ ብላቸው፣ "ለዚህ እኮ ነው፣ ወዳጅ ሲመሰክርበት ማን ይጠረጥራል?" አሉኝ። አስበው፣ ይኸ ሰው ነጋዴ ቢሆን ኖሮ እኔ ለማኝ ነበርሁ።

መጽሐፉን ስመርጥ ነጋዴነቴን አልተውሁም። ያኔ አንዳንዱ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ሲመጣ ገጾቹ በላይ በኩል እንደታጠፉ ሳይቆረጡ ነበር የሚመጣው፣ በቢላ እየሰነጠቅህ ነው የምታነበው። እንደዚያ ያለ፣ እኔ ራሴ ያላነበብሁት፣ የአንድ አናጺ ታሪክ ነበረኝ፤ አፉ እንደተሰፋ ጆንያ ማለት ነው፣ የነካው ሰው ቢኖር ስፌቱ ይናገራል። ክረምቱ ገብቶ ሜዳው ውሃ ስለያዘ መሪጌታ ገበያ መውጣት ትተዋል፣ ለእማሆይ አመተ ሰጥቼ ላክሁላቸው።

በሳምንቱ እማሆይ ገበያ መጥተው፣ ወንድማቸው መጽሐፉን በጣም እንደወደደው፣ አናጺው ለሰው ቤት የሠራውን በር እያሰበ ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣ ነገሩኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተጠራጠርሁ። የሚያዩበት ዓይንማ የት አለ? ሰው እያነበበላቸው ነው፣ የትኛው ቆሎ ተማሪ ይሆን፣ ወይስ የጎረቤት ዲያቆን? ሐሰት ተናግሬ በሚካኤል ፊት ከምዋረድ ራሴ ሄጄ ልየው ብዬ ተነሣሁ።

ረቡዕ ነበር፣ ከቀትር በኋላ ነበር፣ ብርሃን ነበር፣ እመነኝ ከጠላ አንዲት ጭልፋ አልቀመስሁም። በቅሎዬን ደረቁ ላይ ካንድ ገበሬ ዘንድ ትቼ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ውሃውን እየሰነጠቅሁ ሄድሁ። የመሪጌታ ቤት ከፍ ያለች ቦታ ላይ ናት፣ አንድ በር፣ ከኋላዋ ውሃ ብቻ። ከአጥሩ ስደርስ ድምፅ ሰማሁ፣ ሰው ያነባል። ያዝኋቸው ብዬ፣ እንደ ሌባ እግሬን እያለሰለስሁ ግድግዳው ሥር ተጠጋሁ። አናጺው ሳንቃውን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ባለአደራው፣ ወደ ባለአደራው ቤት ሲሄድ ይላል ንባቡ። ባለአደራው ሁለት ጊዜ። ትንሽ ቆይቶ፣ እህ።

ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሰምቶት አያውቅም፣ ስለዚህ ድምፁ የኔ ነው ብዬ አልምልልህም። አመሉ ግን የኔ ነው። ቆሜ አዳመጥሁ፣ ሌላ ከባድ ቃል መጣ፣ እሱንም ሁለት ጊዜ አለው፣ ገጹን ሲገልጥ እህ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ መሪጌታ እየቀለዱብኝ ነው የሚል ነው፣ የቅኔ ሰው ምን አያውቅበትም። ከዚያ እማሆይ አመተ ከቤቱ ጎን ጎመን ቀንጥሰው ብቅ አሉ፣ አዩኝ፣ ጎመኑን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"አንተ፣ መቼ ወጣህ?" አሉኝ።

"ከየት?"

"ከቤት ነዋ። አሁን እያነበብህለት አይደለም እንዴ?"

ያን ጊዜ ድምፁ ዝም አለ። ዘልዬ ገባሁ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ጓዳም የለው፣ መሪጌታ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል፣ መጽሐፉ ተዘግቶ ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ከፊት ለፊታቸው ባዶ በርጩማ አለ። በርጩማውን ዳሰስሁት፣ ሞቅ ያለ ነው። ድመት ይሆን ብዬ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ድመት የላቸውም።

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ኮቴዬ መልሰው፣ "ምን ረሳህ?" አሉኝ።

ገበያ ላይ ሰው የማታውቀውን ዋጋ ሲጠራ ዝም ማለት ነው፣ ራሱ ይናገራል። ተናገሩም። ዓይናቸው ካለፈው ፋሲካ ጀምሮ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር እንደማያይ፣ እኔም አውቄ ለሰው ሳልናገር፣ በዚህ ጭቃ በየቀኑ እየመጣሁ ስላነበብሁላቸው እግዚአብሔር እንዲከፍለኝ ነገሩኝ። ቀጥለውም የአናጺውን መጨረሻ እያነሡ አዘኑ፣ የሠራውን በር ባለቤቶቹ ሳይገቡበት በገዛ እጁ አቃጠለው፣ አመዱንም በእናቱ ማሳ ላይ በተነው አሉ።

መጽሐፉን ከጉልበታቸው አነሣሁ። ወዳጄ፣ አንዲት ገጽ አልተቆረጠችም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደሰጠሁት ታጥፎ ነው ያለው። በጣቴ እጥፉን ከፈት አድርጌ አጮለቅሁ፣ ዓይን ላለው ሰው አንድ ሁለት መስመር ይታያል፣ ዓይን ለሌለው ግን ምን ይታያል? ቢላዬን አውጥቼ መጨረሻውን ሰነጠቅሁና አነበብሁ። በሩን ያቃጥለዋል። አመዱን ማሳ ላይ ይበትነዋል። ጆንያው ሳይፈታ ኑጉን የቀመሰ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር፣ ያን ቀን አየሁ።

"የኔታ፣ እኔ አልመጣሁም" አልኋቸው።

ሳቁ። "ጽድቅህን መደበቅህ ነው፣ ደግ ነው፣ መጽሐፍም ያዝዛል" አሉ። "የነጋዴ ትሕትና ግን እንግዳ ነገር ነው።"

እንዴት ወደ ቤቴ እንደተመለስሁ አትጠይቀኝ። እስከ ሚካኤል ያለው ሳምንት ሙሉ ግን ያስጨነቀኝ መንፈሱ አይደለም፣ ምስክርነቱ ነው። በዓይናቸው ነው ያነበቡት ብል በመልአኩ በዓል ሐሰት ነው፣ መሬቱንም ባድን ለጊዜው ነው። አላነበቡም፣ ያነበበላቸውም የለም፣ ግን ያውቁታል ብልስ? መሬቱ ይቅርና፣ ድግምት አለው፣ ጠንቋይ ነው ብለው ከደብሩ ያባርሯቸዋል፣ በዚያ ዕድሜ ከነእማሆይ የት ይገባሉ? ይኸን ሳወጣ ሳወርድ ሽያጭ እንኳ ተሳሳትሁ፣ ያውም ለገዢው አድልቼ።

በዓሉ ደረሰ፣ ቅዳሴ ወጣ፣ ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተሰበሰብን። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ድምፅ ወደ ሰሙበት ሁሉ ፊታቸውን ያዞራሉ። አለቃ መጽሐፉን ያውቀዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ፣ ያውቁታል፣ መጨረሻውን እንኳ ነገሩኝ አልሁ፣ ሰዉ አጉረመረመ።

"በዓይኑ ነው ያነበበው?" አሉ አለቃ።

"አይደለም" አልሁ። "ዓይናቸው አያይም። እኔ ነኝ የማነብላቸው።"

ብዙ ዋሽቻለሁ፣ ነጋዴ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ግን ዋሽቼ አላውቅም፣ ምክንያቱም ውሸት መሆኑን ራሴ እርግጠኛ አልነበርሁም። ከኋላ አንድ ገበሬ ተነሥቶ፣ እውነቱን ነው፣ እኔም በሬ ስፈልግ ባጥራቸው ሳልፍ ሁለት ቀን ድምፁን ሰምቻለሁ፣ ገጽ ሲገልጥ እህ ይላል አለ። ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አለቃም፣ አንዴ የተነበበለትን እንዲህ የሚይዝ ሰው ከብራና አይተናነስም፣ አንባቢ ካለው ንባቡ ሳይቋረጥ ይቀጥል፣ መሬቱም ይቆይለት ብለው ፈረዱ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። "በየቅዳሜው ሄደህ ታነብለታለህ፣ ያንተንም የኛንም። አንተ የተውህ ዕለት መሬቱም ይነሣል።" በገዛ አፌ ገባሁበት። መሪጌታ ዕንባቸው ወርዶ እጄን ፈልገው ያዙ፣ እኔ ግን የታሰበኝ ሌላ ነው፤ እንግዲህ እኔ ስሄድ ያኛው ይተዋል፣ ሥራውን ባለቤቱ ተረከበው፣ አለቀ ደቀቀ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሹፌሩ ቀትር ላይ መጣና አዲስ መጽሐፍ ሰጠኝ፣ ከጎንደር ያን ዕለት የተነሣ፣ ገና አቧራው ያልተራገፈ። ሱቄን ዘግቼ መጽሐፉን ብብቴ ውስጥ እንደሸጎጥሁ በቀጥታ ወደ ቁሐር ወረድሁ፣ መንገድ ላይ አልገለጥሁትም፣ ለማንም አላሳየሁትም። እማሆይ አመተ በሩ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ነበር፣ ሲያዩኝ እንዝርታቸውን አቆሙና ወደ ቤቱ ውስጥ አዩ፣ ከዚያ ወደኔ፣ ከዚያ መፍተላቸውን ቀጠሉ።

ገብቼ በርጩማው ላይ ተቀመጥሁ። መጽሐፉን ገልጬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርሁ። ሁለት መስመር ሳልሄድ መሪጌታ እጃቸውን አነሡ።

"ይኸንማ ጠዋት አንብበኸዋል እኮ" አሉኝ፣ ላለማስቀየም ዝግ ብለው።

ጠዋት መጽሐፉ መኪና ላይ ነበር። እኔም ሱቄ ውስጥ አቡጀዲ ስለካ ነበርሁ። ግን የአለቃ ፍርድ ትዝ አለኝ፣ አልመጣሁም ብል ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

"እስከ የት ድረስ?" አልሁ።

"መበለቲቱ በሬውን ሸጣ እስክትመለስ።"

ገጽ በገጽ ፈለግሁ። ሠላሳ ምናምነኛው ገጽ ላይ፣ እውነትም፣ አንዲት መበለት በሬዋን ሸጣ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ከዚያ ቀጠልሁ፣ ምን ላድርግ? ጆሮዬን ወደ ኋላዬ እንደጣልሁ፣ ሁለት ገጽ ያህል አነበብሁላቸው። መሪጌታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ እንደ ማዘን ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ደክሞሃል መሰለኝ" አሉኝ። "ጠዋት ይሻል ነበር።"