አረንጓዴው ጉርሻ

ጋሽ እንዳልክ አውሮራ ከተማ ውስጥ፣ ቻምበርስ ሮድ ዳር ባለች አንዲት የጃፓን ሻይና ጣፋጭ ቤት ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ሊታረቁ መጥተው ሞቱ። እንዲህም ያለ ክፉ ቀን አለ!

ዲቴክቲቭ ዘሪቱ ስትደርስ የአምቡላንስ ሠራተኞቹ ጓንታቸውን እያወለቁ ነበር። ከሟቹ ጉሮሮ ያወጡትን አሳዩአት። ድፍን ሞቺ ነው፤ ከተወቀጠ ሩዝ የሚሠራ፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ጣፋጭ። አረንጓዴ የሻይ ዱቄት ተነስንሶበታል። ዘሪቱ ጎንበስ አለች። የሟቹ ጢም አረንጓዴ ነው፤ ጣቶቻቸው ግን ንጹሕ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ሳህናቸው አልተነካም፤ ነጭ ሞቺ በትንንሹ ተቆራርጦ ተቀምጦበታል።

አስተናጋጇ ሪሃብ ጥግ ይዛ ቆማለች። ለደንበኛ ሁሉ መጀመሪያ በሞቀ ውሃ የራሰ የእጅ ፎጣ ማቅረብ የቤቱ ልማድ ነውና አንዱን ፎጣ እንደጨበጠች ቀርታለች።

«ልታሰር ነው? ወላሂ ቆራርጬ ነው የሰጠኋቸው!»

«አይቻለሁ። ቁረጪ ያለሽ ማነው?»

«አዶኒያስ ነዋ! ሁልጊዜ ይዟቸው የሚመጣው እሱ ነው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ መዋጥ ይቸግራቸዋል፣ ድፍን እንዳትሰጪያቸው ብሎኛል። ዛሬ ምንም አላለኝም፤ እኔው ለምጄ ቆረጥኩት።»

አዶኒያስ የሟቹ ሚስት የእህት ልጅ ነው፤ ሞንትቤሎ ሰፈር እነሱው ቤት ነው የሚኖረው። ዛሬም እርቁን አመቻቻለሁ ብሎ አብሯቸው ተቀምጦ ነበር።

«አጎቴ ራሳቸው አንስተው ዋጡት» አለ፣ ዓይኑን እያሸ። «መዋጥ እንደሚቸግራቸው እኔ በምን አውቃለሁ? ጥፋቱ የልጅቷ ነው፤ ለሽማግሌ ድፍን ይሰጣል?»

ዘሪቱ እዚያው ጠረጴዛ ወደ ተቀመጡት፣ ሟቹ ሊታረቋቸው ወደ መጡት ጋሽ ኪዳኔ ዞረች። ልጃቸው ኤርሚያስ በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ፣ ነጂው እንዳልክ ነበር ተብሎ፣ እኒህ ሁለት የልብ ወዳጆች ሰላምታ እንኳ ተነፋፍገው ኖረዋል።

«ምን አዘዙ፣ ጋሽ ኪዳኔ?»

«ሻይ ብቻ። ስኳር አለብኝ።»

«እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ቀስ ብለው አወጡ። ጥፍሮቻቸው ሥር አረንጓዴ ዱቄት አለ። ሪሃብ አፏን ያዘች። ማንም ቢሆን ነገሩ አለቀ፣ ቂም ነው፣ ይላል። ዘሪቱ ግን አላለችም።

ይኼኔ የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ወይንሸት ደረሱ። እንደ ደንቡ ሬሳው ላይ መውደቅ ሲገባቸው በር ላይ ቆመው አዶኒያስን አፍጥጠው አዩት። «እንዳልክ ዛሬ ልናገር ነው ብሎኝ ነበር...» ብለው ሲጀምሩ አዶኒያስ ሮጦ አቀፋቸው። «አክስቴ፣ በቃ፣ በቃ!»

«ልቀቃቸው» አለች ዘሪቱ። «ሁላችሁም ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ዘሪቱ ቆማ ቀረች።

«የጋሽ እንዳልክ ጢም ዱቄት አለበት፣ ጣታቸው የለበትም። ስለዚህ አጉርሰዋቸዋል። ያጎረሷቸው ጋሽ ኪዳኔ ናቸው፤ ጥፍራቸው ይመሰክራል። ግን ጋሽ ኪዳኔ ሻይ ብቻ ነው ያዘዙት፣ የሟቹ ሞቺ ደግሞ ነጭ ነው። አረንጓዴ ያዘዘው ማነው፣ ሪሃብ?»

«አዶኒያስ።»

«ጋሽ ኪዳኔ፣ ከሰው ሳህን እንዴት አነሱ?»

«እሱ ገፋልኝ» አሉ ሽማግሌው። «እንዳልክ ‹አንድ የምነግርህ ነገር አለ› ብሎ አፉን ሲከፍት፣ ይኼ ልጅ ‹ወሬው ይደርሳል፣ መጀመሪያ አጉርሰው! ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው!› አለኝ። ሳቅን። እርቅ ነው ብዬ አጎረስኩት። የእርቅ ጉርሻ እምቢ ይባላል? እንዳልክም እያመነታ ተቀበለኝ። በሽታውን የት አውቄ! ስንት ዘመን ተኳርፈን!»

«እርስዎ አላወቁም። ሪሃብን ቁረጪላቸው ያላት ግን ያውቃል። እኔ ዘንድ ሲደርስ ነው አላውቅም ያለው።»

አዶኒያስ ብድግ አለ። «ተረት መተረት ወንጀል ሆነ እንዴ? ይኼ እኮ የሁሉም ሰው አባባል ነው!»

«አባባሉ የሁላችንም ነው። ሳህኑ ያንተ ነው። እትዬ ወይንሸት፣ ጋሽ እንዳልክ ምን ሊናገሩ ነበር?»

ወይዘሮ ወይንሸት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁ።

«ያን ቀን መኪናውን የነዳው እንዳልክ አልነበረም» አሉ በመጨረሻ። «ይኼ አዶኒያስ ነው። ጠጥቶ ነበር። የእህቴ ልጅ ነው ብዬ ባሌ እግር ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ እሱም ‹እኔ ነኝ› ብሎ ተሸከመለት። ሳልሞት ለኪዳኔ እውነቱን ልንገረው አለኝ ዛሬ ጠዋት። እኔ አፈር ልብላ፣ ለዚሁ ልጅ ነገርኩት! ዝም ይበሉ ብሎ ይለምነዋል ብዬ ነበር።»

አዶኒያስ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። ካቴና ገባለት።

ሪሃብ ነጻ መሆኗ ገና አሁን ገባትና እንባዋ ወረደ። ጋሽ ኪዳኔ ግን አልተነሱም፤ ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እያዩት ነው።

«እኔ እኮ ልጄን የገደለው እሱ ነው ብዬ እያመንኩ ነው ያጎረስኩት» አሉ ለዘሪቱ። «ከልቤ ይቅር ብዬው ነበር።»

ሪሃብ ዱቄቱን ልትጠርግላቸው ሌላ ፎጣ በሞቀ ውሃ አርሳ አመጣች። ጋሽ ኪዳኔ ያጎረሱበትን እጃቸውን አልሰጧትም።